ሰርጌይ ፕሮኩዲን-ጎርስኪ

ሰርጌይ ሚካይሎቪች ፕሮኩዲን-ጎርስኪ (እ.ኤ.አ. 1863 – 1944) ሩሲያዊ ኬሚስትና ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሩሲያን ግዛት በቀለም ፎቶግራፍ በመመዝገቡ ነው።

ሕይወት

የተወለደው በቭላድሚር ክፍለ ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በርሊን ሄዶ ከአዶልፍ ሚቴ ዘንድ የቀለም ፎቶግራፍ ተማረ። በ1908 ያነሳው የሌቭ ቶልስቶይ የቀለም ፎቶ ስሙን አስጠራው። በ1909 ሥራውን ለዳግማዊ ኒኮላይ አሳየ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጨለማ ክፍል ያለው የባቡር ፉርጎና የመዘዋወሪያ ፈቃድ ሰጡት። እስከ 1915 ድረስ እየተጓዘ ገዳማትን፣ ፋብሪካዎችን፣ ገበሬዎችንና የቡኻራውን አሚር ዓሊም ኻንን አነሳ። ከአብዮቱ በኋላ በ1918 አገሩን ለቆ በኖርዌይና በእንግሊዝ በኩል ፈረንሳይ ገባ። በ1944 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

የአሠራር ዘዴው

ካሜራው በአንድ ረጅም የመስታወት ሰሌዳ ላይ ሦስት ጥቁርና ነጭ ምስሎችን በተከታታይ ያነሳ ነበር፤ አንዱን በሰማያዊ፣ ሌላውን በአረንጓዴ፣ ሦስተኛውን በቀይ ማጣሪያ በኩል። ከእነዚህ የተዘጋጁት ስላይዶች በሦስት ቀለም ብርሃን ሸራ ላይ ሲደራረቡ ሙሉ ቀለም ይታያል። ሦስቱ ምስሎች በአንድ ቅጽበት ስላልተነሱ የሚፈስ ውሃና የተንቀሳቀሰ ሰው ዳር ዳሩ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። በሌላ በኩል ሰሌዳው ላይ የሚደበዝዝ ባለቀለም ኬሚካል ስለሌለ የቀለሙ መረጃ ሳይጠፋ ቆይቷል።

ከሞቱ በኋላ

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1948 ወደ 1,900 የሚጠጉ ሰሌዳዎችን ከወራሾቹ ገዛ። በ2000 ሁሉም ስካን ተደረጉ። በ2001 ለተከፈተው ዐውደ ርዕይ 122 ምስሎች በባለሙያ እጅ ተዋሃዱ፤ በ2004 ደግሞ ሁሉንም የሚያገጣጥም የኮምፒውተር ዘዴ ተሠራ።

ስካኑ የእያንዳንዱን ሽፋን ብሩህነት እንጂ የሦስቱን ሚዛን አይናገርም። ስለዚህ ነጩና ግራጫው የሚወሰነው በአዋሃጁ ነው፤ የአንድ ሰሌዳ ሁለት ቅጂዎችም በቀለም ሊለያዩ ይችላሉ። ፋይሎቹ ለማንም ክፍት በመሆናቸው ጊምፕን በመሰለ ነጻ ሶፍትዌር ሦስቱን ሽፋኖች ማዋሃድ ይቻላል። በዩኒቨርሲቲዎችም የምስል ማቀናበር ትምህርት መልመጃ ሆነው ያገለግላሉ።