ሦስት እጅ ቀለም፦ የማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ሕይወት



ባለፈው ዓመት የአበባ ህትመት ቡድናችን ለሠራቸው የጠረጴዛ ልብሶች ዋጋ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሒሳብ ሰው ነኝና የአቡጀዲውን፣ የጨርቅ ቀለሙንና የማኅተሙን ወጪ ደመርኩ፤ የእጅ ሥራውን በቁጥር አሰብኩ፤ ትንሽ ትርፍ ጨምሬ ለሁሉም አንድ ዋጋ ለጠፍኩ። ለሠሪዎቹም በአንድ ጨርቅ አንድ ዓይነት ክፍያ ተከፈለ። ፊርማው ተሟልቷል፣ ደረሰኙም አለ፤ ያጠፋሁ አልመሰለኝም ነበር።

ክፍያው ካለቀ በኋላ ከእናቶቻችን አንዷ ሁለት ጨርቅ ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ዘረጉት። ሁለቱም በአንድ ማኅተም የታተመ ጽጌረዳ ነው። በአንደኛው ላይ ጥቁሩ መስመር መሃሉን ቀይ ተሞልቶ አልቋል። የእርሳቸው ግን መጀመሪያ ቢጫ ተቀብቶ ደርቋል፤ በላዩ ሳሳ ያለ ቀይ ገብቷል፤ ከዚያ ወደ እምብርቱ ጠቆር ያለ ሦስተኛ እጅ ተደርቦበታል። አበባው ከጨርቁ ብድግ ሊል የደረሰ ይመስል ነበር። ይህን ለመሥራት ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ሌላው በአንድ ከሰዓት ያለቀ ነው። የከፈልኳቸው እኩል ነው። እርሳቸው አልተቆጡም፤ ጨርቁን አጥፈው ሄዱ። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ።

በዚያ ሰሞን ስለ አበባ ሥዕል ሳነብ ነው ከማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ጋር የተዋወቅሁት። ከሞተች ከ300 ዓመት በላይ ሆኗታል። የታተመ አበባ ላይ ቀለም በመቀባት ልጆቿን ያሳደገች፣ ሒሳቧን ራሷ የያዘች ሴት ናት። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያ የተወለደችው በ1647 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ነው። አባቷ ማቴዎስ ሜሪያን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየቀረጸ መጻሕፍት የሚያሳትም የታወቀ ሰው ነበር፤ ግን ሦስት ዓመት ሲሆናት ሞተ። እናቷ ያዕቆብ ማረል የተባለ የአበባ ሠዓሊ አገቡ። ማሪያን ያስተማራት ይህ እንጀራ አባቷ ነው። ቤቱ ወርክሾፕ ስለነበር ቀለም መፍጨትና መበጥበጥ፣ ብሩሽ መያዝ፣ መዳብ መቅረጽ የለመደችው በልጅነቷ ነው። 13 ዓመት ሲሆናት የሐር ትል እያሳደገች ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ ያለውን ለውጡን መሣል ጀመረች።

እግረ መንገዴን ልናገረው፤ ፍራንክፈርት ለእኛም ባዕድ ከተማ አይደለችም። ከአማራው ተወላጅ ከአባ ጎርጎርዮስ ግዕዝና አማርኛ የተማረው ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ያሳተመው እዚያው ነው። ማሪያ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማዋ ስትመለስ ሉዶልፍም የዚያው ነዋሪ ነበር። ገበያ መሃል ተላልፈው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በ18 ዓመቷ የእንጀራ አባቷን ተማሪ ዮሐን ግራፍን አገባች። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ዮሐና ሄሌናን በ1668፣ ዶሮቴያ ማሪያን በ1678። ኑሯቸው በባልየው አገር በኑርንበርግ ሆነ። በዚያ ከተማ የሠዓሊዎች ማኅበር ደንብ ሴት በዘይት ቀለም ሥላ እንድትሸጥ አይፈቅድም ነበር። ለሴት የተተወላት የውሃ ቀለም ነው። ማሪያም በዚያው ሠራች፤ በወረቀት፣ በሐር ጨርቅና በብራና ላይ አበባ ሣለች።

የውሃ ቀለም ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ የቡድናችን አባላት ያውቁታል። ሳስቶ ሲቀባ ከሥር ያለውን ያሳያል። ስለዚህ ከሥር ምን እንዳለ ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ያው አንድ ቀይ በነጭ ላይ ሲያርፍ ሌላ ነው፣ በቢጫ ላይ ሲያርፍ የእሳት መልክ ይይዛል፣ በሰማያዊ ላይ ሲያርፍ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ፈዛዛው ይቀድማል፣ ጥቁሩ ይከተላል። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን የደረበ ሰው የሚያገኘው ጭቃ ነው። አንዴ ካጠቆሩት ደግሞ መልሶ ማፍካት ይከብዳል። ማሪያ ሳሳ ያለውን ቀለምና ወፍራሙን፣ ከሥር ያለውን የማያሳየውን ቀለም፣ አንዱን ከሌላው እያፈራረቀች ትሠራ ነበር። ብራናውንም አስቀድማ ነጭ ቀብታ ታዘጋጀው ነበር፤ ከላይ የሚያርፈው ቀለም ብርሃን እንዲያገኝ።

ብቻዋን አልሠራችም። የከተማውን ልጃገረዶች ሰብስባ ሥዕልና ጥልፍ ታስተምር ነበር፤ ቀለምም ትሸጥላቸዋለች። ከኑርንበርግ ከለቀቀች በኋላ እንኳ ክላራ ኢምሆፍ ለተባለች ተማሪዋ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። ለእነዚህ ተማሪዎች መቅጃ የሚሆን የአበባ መጽሐፍ በ1675፣ በ1677 እና በ1680 በሦስት ክፍል አሳተመች። እያንዳንዱ 12 ሥዕል ሲኖረው በመጨረሻ በአንድ ላይ ተጠርዞ 36 ሆነ። ከዚያ መጽሐፍ ዛሬ የቀረው ቅጂ ጥቂት ነው። ሴቶቹ ገጹን እየነጠሉ ለጥልፍ ስለተጠቀሙበት አልቋል። እኔ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የእኛም የማኅተም ንድፍ ደብተር ወደዚያው እየሄደ ነው።

በ1679 ስለ ትሎችና ቢራቢሮዎች የጻፈችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ወጣ፤ 50 ሥዕሎች አሉት። እያንዳንዱን ትል ከሚበላው ተክል ጋር ነው የሣለችው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ነፍሳት ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር ይፈጠራሉ ብሎ ያምን ነበር።

ትዳሩ አልሰመረም። እንጀራ አባቷ ሲሞት ወደ ፍራንክፈርት ወደ እናቷ ተመለሰች። ከጥቂት ዓመት በኋላም እናቷንና ሁለቱን ልጆቿን ይዛ በሆላንድ ዊወርድ በተባለ ቦታ በአንድ ግንብ ውስጥ በጋራ ወደሚኖር የሃይማኖት ማኅበር ገባች። ባሏ ተከትሏት ቢሄድም ማኅበሩ አልተቀበለውም፤ ፍቺው በ1692 ተፈጸመ። ስለዚህ ዘመን ብዙ አልልም። እናቷ ከሞቱ በኋላ በ1691 ልጆቿን ይዛ አምስተርዳም ገባች። 44 ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮዋ በሙሉ በራሷ ብሩሽ የቆመ ነው፤ ሦስቱም ሴቶች፣ እናትና ልጆች፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እየሣሉ ሸጡ።

ግንቡ ውስጥ ሳለች ከሱሪናም የመጡ የደረቁ ቢራቢሮዎች አይታ ነበር። ሱሪናም በደቡብ አሜሪካ የምትገኝ፣ ያኔ በሆላንዶች እጅ የነበረች አገር ናት። የደረቀ ነገር አላረካትም፤ ምን እንደሚበላና ከምን እንደተለወጠ ማየት ፈለገች። በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ 255 ሥዕሎቿን ሸጠች፣ ኑዛዜዋን ጻፈች፣ የ21 ዓመቷን ዶሮቴያን ይዛ በመርከብ ተነሣች። የላካት መንግሥትም ሆነ ድርጅት አልነበረም።

በሱሪናም ሁለት ዓመት ያህል ቆየች። የእርሻ ባለቤቶቹ ከስኳር በስተቀር ሌላ ነገር የምትፈልገውን ሴት ይሳለቁባት እንደነበር ራሷ ጽፋለች። ጫካ እየመነጠሩ መንገድ የከፈቱላት፣ ትልና ተክል ያመጡላት፣ የተክሎቹን ጥቅም የነገሯት በባርነት የተያዙ የአገሬው ተወላጆችና አፍሪካውያን ናቸው። ስለ አንድ ቀይና ቢጫ አበባ ስትጽፍ፣ ባሪያ የተደረጉ ሴቶች ልጆቻቸው በባርነት እንዳይወለዱ ፍሬውን ጽንስ ለማስወረድ እንደሚጠቀሙበት አስፍራለች፤ የነገሯት እነርሱው ናቸው። ያንን አበባ በመጽሐፏ ስመለከት ቀለሙ ብቻ አይታየኝም። አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። የእነዚያን ረዳቶች ስም አልጻፈችም። የእውቀቱን ምንጭ ተናግራ ባለቤቶቹን በስም ሳትጠራ አለፈች። ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ይህ የደመወዝ መዝገብ ላይ ያልገባ ሠራተኛ ማለት ነው።

በትኩሳት ታማ በ1701 ተመለሰች። ከአራት ዓመት በኋላ በ1705 ትልቁ መጽሐፏ ወጣ፤ 60 ሥዕሎች፣ በሆላንድኛና በላቲን። አሳታሚዋ ራሷ ነበረች፤ ወጪውን ለመሸፈን ገዢዎች አስቀድመው እንዲመዘገቡ አደረገች። እዚህ ላይ ነው እስክሪብቶዬን ያነሣሁት። ቀለም ያልተቀባው ቅጂ ለተመዘገበ ገዢ 15 ጊልደር ነበር። በእጅ የተቀባው 45 ጊልደር። ወረቀቱ አንድ፣ ሰሌዳው አንድ፣ ህትመቱም አንድ ነው። 30ውን ጊልደር ያመጣው የብሩሹ ሥራ ነው፤ እየጠበቁ፣ እያደረቁ መደረቡ። ማሪያ ዋጋ ስታወጣ እኔ የረሳሁትን አልረሳችም።

ለአንዳንድ ቅጂዎች ደግሞ ሌላ ዘዴ ተጠቅማለች፤ ለእኛ የሚጠቅመንም ይህ ነው። ከመዳብ ሰሌዳ የሚወጣው መስመር ጥቁርና ጠንካራ ነው፤ ምንም ያህል ቀለም ቢደረብ መስመሩ ከላይ ሆኖ ይገዛል። ስለዚህ አዲስ የታተመው ወረቀት ሳይደርቅ ንጹሕ እርጥብ ወረቀት በላዩ አድርጋ እንደገና በማተሚያው ታስጭነዋለች። በሁለተኛው ወረቀት ላይ የሚቀረው ፈዛዛ ግራጫ መስመር ነው። በዚያ ላይ ቀለም ሲደረብ መስመሩ ይጠፋል፤ ሥዕሉም የታተመ ሳይሆን በእጅ የተሣለ ይመስላል።

በመጨረሻ ዘመኗ ደም ሥሯን መታት፣ እንደ ልቧ መንቀሳቀስ አልቻለችም። ጥር 1717 በአምስተርዳም ሞተች፤ የቀብር መዝገቡ ድሃ ይላታል። በዚያው ዓመት የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ሥዕሎቿን አስገዛ። ዶሮቴያ የእናቷን ሦስተኛ የትል መጽሐፍ አሳትማ ከባሏ ጋር ወደ ቅዱስ ፒተርስበርግ ሄደች። ከብዙ ዘመን በኋላ ጀርመኖች የማሪያን ፊት በ500 ማርክ የወረቀት ገንዘብ ላይ አተሙት።

አሁን ወደ ቃሊቲ ልመለስ። ይህን ታሪክ ለህትመት ቡድኑ ከነገርኩ በኋላ የማሪያን ዘዴ ሞከርነው። ማኅተሙን ቀለም አስነክተን መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አተምነው፤ ከዚያ ቀለም ሳንጨምር በዋናው ጨርቅ ላይ ደገምነው። ሁለተኛው ህትመት ፈዛዛ ሆኖ ወጣ። አደይ አበባ መረጥን። ፈዛዛ ቢጫ ቀባን፣ አደረቅን፤ ጠለቅ ያለ ቢጫ ከቅጠሉ ግማሽ ወደ ውስጥ አስገባን፣ አደረቅን፤ በመጨረሻ እምብርቱ አካባቢ ጥቂት ቡናማ። በአቡጀዲ ላይ ውሃ የበዛበት ቀለም ከመስመሩ ወጥቶ ይሰራጫል፤ ሁለት ጨርቅ በዚህ ተበላሽቶብናል። ብሩሹን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ መቀባት ይሻላል። ሲያልቅም ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎ በካውያ መተኮስ ቀለሙ በእጥበት እንዳይለቅ ይረዳል።

የመጀመሪያውን የደረበችልን ያቺ እናት ናቸው። ሌሎቹ ዙሪያቸውን ቆመው ሲያዩ፣ ሁለተኛውን እጅ ለመድረብ የቸኮለችውን አንዷን ወጣት እጇን ይዘው ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ አስጠበቋት።

ከዚህ ወር ጀምሮ የሥራ መመዝገቢያው ላይ ስንት እጅ እንደተቀባ የሚሞላበት አንድ አምድ ጨምሬአለሁ፤ የሠሪዋም ስም ከጎኑ ይጻፋል። ክፍያውም የመሸጫ ዋጋውም ያንን ተከትሎ ይለያያል። ለደጋፊዎቻችን የምንልከው የዋጋ ዝርዝር ከፍ ያለ ቢመስላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ሦስት እጅ ቀብተው እንደ አንድ እጅ የተከፈላቸው አባላት ልዩነት ግን ገና አልተከፈለም። ስንት ጨርቅ እንደነበረ ከመዝገቡ ማውጣት ስለማልችል፣ የሠራችሁ አባላት እስከ ወሩ መጨረሻ መጥታችሁ እንድታስመዘግቡኝ እጠይቃለሁ። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዤዋለሁ።