የጋፋት ባለሙያዎችና አጼ ቴዎድሮስ

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን የልብስ ስፌትና የሽመና ሠልጣኞቻችን ጉዳይ ብዙ አነጋግሮናል። ማኅበሩ ያስተማራቸው እህቶች ሙያው እጃቸው ሲገባ ወደ ደሴ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ዓረብ አገር እየሄዱ ነው። ሌሎች ቀጣሪዎችም ሥልጠናው እስኪያልቅ ጠብቀው ይወስዱብናል። ስለዚህ ሁለት ዓመት እስኪያገለግሉን የምስክር ወረቀታቸውን እንያዝባቸው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከፊሎቻችን ደገፍን፣ ከፊሎቻችን ዝም አልን። እኔ ዝም ካሉት አንዷ ነበርኩ። የሒሳብ መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ለእያንዳንዷ ሠልጣኝ የወጣውን ገንዘብ አውቃለሁ፤ ስትሄድም ይቆጨኛል። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን ሐሳቤ የሄደው ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በተንታ በኩል ወዳለው መቅደላ አምባ ነው። እዚያ ሕይወታቸው ያለፈው ንጉሠ ነገሥት ዕድሜ ልካቸውን ባለሙያ ሲፈልጉ፣ ሲያቀርቡና በመጨረሻም ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱን ቀድሞ አጣ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ ወደቁ፤ ጠላቶቹ በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሚሰድቡት በዚህ ምክንያት ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ፣ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት ጦር መወርወርና ፈረስ መጋለብ ተማረ፣ በመጨረሻም ቆላ ወርዶ ሸፈተ። የዘመነ መሳፍንት መኳንንት ያን ሽፍታ ሊንቁት ቢሞክሩም አልቻሉም። እቴጌ መነን ጦራቸውን ልከው ተሸነፉ፤ የራስ ዓሊ ልጅ ወይዘሮ ተዋበች ሚስቱ ሆነች።

ካሳን ካሳ ያደረገው ግን ድሉ ብቻ አይደለም። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። የካሳ ወታደሮች በጀግንነት ያነሱ አልነበሩም፤ ግብፆቹ ግን መድፍ ነበራቸው፣ በሥርዓት የሠለጠነ ጦርም ነበራቸው። ብዙ ሰው አለቀ። ካሳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀግንነት ብቻውን አገር እንደማይጠብቅ ተረዳ። መድፍ የሚሠራ፣ መንገድ የሚቀይስ፣ ብረት የሚያቀልጥ ሰው መፈለግ የጀመረው ከዚህ ሽንፈት በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው እንደ ወርቅ ብርቅ ነበር። መሳፍንቱም በመሬትና በወታደር ብቻ ሳይሆን በባለሙያም ይሻሙ ነበር። ራስ ዓሊ ጆን ቤል የሚባል እንግሊዛዊ በግቢያቸው ነበራቸው። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ደግሞ ሺምፐርና ዛንደር የሚባሉ ሁለት ጀርመኖችን ይዘው ነበር። ሺምፐር የዕፅዋት ሊቅ፣ ዛንደር ሠዓሊ ነበር። የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ የሺምፐር እጅ አለበት። ውቤ ያን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራሳቸው ዘውድ ሊጭኑበት አስበው ነው ይባላል።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረገ። ወዲያውም በዚያው ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ አጼ ቴዎድሮስ ተባለ። ከዘውዱ ጋር ሰዎቹም መጡ። ዛንደር ለአዲሱ ንጉሥ አደረ። ቤል ከራስ ዓሊ ውድቀት በኋላ ወደ ቴዎድሮስ መጥቶ ሊቀ መኳስ ሆነ፤ ለንጉሡ ያለው ፍቅርም እስከ ሞት ደረሰ። በ1853 ዓ.ም. ከሽፍቶች ጋር በተደረገ ውጊያ የሞተው በንጉሡ አጠገብ ነው። ቤልን ያሰረው ሰንሰለት አልነበረም። አጼ ቴዎድሮስ በዚያን ጊዜ ሰው የሚይዙት በወዳጅነት ነበር።

ንጉሡ ከነገሡ ብዙም ሳይቆዩ በኢየሩሳሌም ከነበሩት ከጳጳስ ጎባት ዘንድ ሚስዮናውያን ሊመጡ ፈለጉ። አጼ ቴዎድሮስ ሰባኪ ሳይሆን የእጅ ባለሙያ እንደሚፈልጉ አስታወቁ። ስለዚህ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና ተቋም ሙያ የተማሩ ወጣቶች ተላኩ፤ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ በኋላም ዋልድማየርና ዛልሙለር። የማስተማር ፈቃድ ያገኙት ለቤተ እስራኤል ሲሆን፣ ለንጉሡ ደግሞ በእጃቸው እንዲሠሩ ተፈለገ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቤት ተሰጣቸው። ሞሪትስ ሆል የሚባል የፖላንድ ሰውና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ተጨመሩ።

በመጀመሪያ የሠሩት መንገድ ነው። ከደብረ ታቦር በየአቅጣጫው የሚወጣው መንገድ ሲቆፈር ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ያየ መኳንንት ቆሞ ማየት አይችልምና ሁሉም ጎንበስ አለ። ቀጥሎ መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም፤ እንደማይችሉም ተናገሩ። ንጉሡ ግን እንዲሞክሩ ገፋፏቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ምድጃውን አፍርሰው እንደገና ሠሩ፤ በመጨረሻ ናሱ ቀልጦ ቅርጹን ያዘ። ንጉሡ በደስታ ሸለሟቸው፤ ገንዘብ፣ በቅሎና የክብር ልብስ ሰጧቸው። ዋልድማየርና ዛልሙለር የቤልን ልጆች አግብተው የአገሩ አማች ሆኑ። ወጣት ኢትዮጵያውያንም ሙያ እንዲማሩ ከእነሱ ጋር ተመደቡ።

እዚህ ላይ የእኛን ሴቶች የሚመለከት ነገር አለ። ወናፍ የነፋው፣ ከሰል ያመጣው፣ ናስ የተሸከመው የአገር ልጅ ነው። በአገራችን ግን በዚያን ጊዜ ቀጥቃጩ ቡዳ ይባላል፣ ቆዳ ፋቂው ይናቃል፣ ሸክላ የምትሠራዋ ሴት ከሰው ማዕድ ትገለላለች። ለውጭ ባለሙያ በቅሎና ሸማ ሲሸለም የራሳችን ባለሙያ ስድብ ይቀበል ነበር። የጋፋት ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው እኩል ስማቸው ተነሥቶ የምንሰማበት ጊዜ እምብዛም ነው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው በመሥራት ይህን ንቀት ሊሰብሩ ቢሞክሩም ልማዱ ከእሳቸው በረታ።

አጼ ቴዎድሮስ ገና ከነገሡበት ዓመት ማግስት በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ። አምባውን ግምጃ ቤትና ወህኒ አደረጉት። በወሎ ላይ የወረደው መከራ በአያቶቻችን አፍ እስካሁን ይነገራል፤ እሱን መሸፈን አይገባም። ከሸዋ የተወሰደው ልጅ ምኒልክም በዚያው አምባ አደገ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ ያስጠለለችው የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ናት። በንጉሡ እጅ በመያዣነት የነበረው ልጇ ተገደለ። የተያዘ ሰው መቼም ልቡ ከያዘው ጋር አይሆንም፤ ምኒልክ ሲያመልጥ ንጉሡ ይህን መማር ይችሉ ነበር።

አመፁ በየአውራጃው ሲበዛ ንጉሡ ተጨማሪ ባለሙያ ፈለጉ። በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ቀረ። ንጉሡ እንደ ተናቁ ቆጠሩት፤ በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር አሰሩ። መልሱን ይዞ ራሳም የመጣው በ1858 ዓ.ም. ነው። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ የበረደ መሰለ። ንጉሡ ግን እስረኞቹን በመልቀቅ ፈንታ ራሳምንም አስቀሩና ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያ ይዞ እንዲመጣ። የፍላድ ሚስትና ልጆች በመያዣነት ቀሩ።

እንግሊዞች በእርግጥ ሰው ቀጠሩ። አንድ መሐንዲስና ጥቂት ሠራተኞች መሣሪያቸውን ይዘው ምፅዋ ድረስ መጡ። ነገር ግን እስረኞቹ ካልተፈቱ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ታዘው ነበር። ንጉሡ ደግሞ ባለሙያዎቹ ካልደረሱ እስረኞቹን አልለቅም አሉ። ያ ሁሉ መሣሪያ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆይቶ ወደ መጣበት ተመለሰ። አጼ ቴዎድሮስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙት የሙያ እጅ በራቸው ደርሶ የተመለሰው እጃቸው ላይ ሰንሰለት ስላለ ነው።

ከዚያ በኋላ የጋፋት ሰዎችም ነፃ አልነበሩም። በ1859 ዓ.ም. ከጋፋት ተነሥተው ደብረ ታቦር ላይ በጥበቃ ሥር እንዲሠሩ ተደረገ። ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቁን መድፍ ያፈሰሱት በዚህ ጊዜ ነው፤ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ በሠረገላ ተጭኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት፣ መንገዱ ከፊት እየተሠራለት፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጣ። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በሽሎን የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። መንገዱን የቀየሱትም በልባቸው ነፃነታቸውን የሚናፍቁ ሰዎች ነበሩ።

ጄኔራል ናፒየር ከ13,000 ያህል ወታደርና ከ44 ዝሆን ጋር ከዙላ ተነሥቶ መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ውጊያ ተደረገ። ያ የተደከመበት መድፍ ምንም አልፈየደም። ንጉሡ አውሮፓውያኑን ሁሉ ለቀቁ፤ የጋፋት ባለሙያዎችም ከነቤተሰቦቻቸው ከአምባው ወረዱ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች በሩን ሲሰብሩ አጼ ቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። መቅደላ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ሄዱ። እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የዚያው የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ በመንገድ ላይ ታመው አረፉ፤ ልጃቸው ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር በወጣትነቱ ሞተ።

ባለሙያዎቹም አገሩን ለቀው ወጡ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ደብረ ታቦር ወይም ደሴ ላይ ሊቆሙ ይችሉ የነበሩ ሥራዎች ናቸው። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። ብረቱ ቀረ፣ እጁ ሄደ።

ከመቅደላ ያመለጠው ምኒልክ ከነገሡ በኋላ ሌላ መንገድ ያዙ። በ1871 ዓ.ም. የመጣው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ አገለገላቸው፤ ለባቡር ሐዲዱና ለአዲስ አበባ የውኃ ቧንቧ ሥራ የደከመው እሱ ነው። የመሄድ ነፃነት ነበረው፤ በሰንሰለት አልተያዘም። ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅም አስነገሩ። አጼ ቴዎድሮስ ዓላማቸው ትንሽ አልነበረም፤ አገር ሁሉ የሚያኮራ ነበር። የተሳሳቱት ባለሙያን በመፈለጋቸው ሳይሆን፣ ፍርሃት ሲገባቸው የወደዱትን በማሰራቸው ነው።

ወደ መዝገቤ ልመለስ። የሠልጣኞቻችንን የምስክር ወረቀት ብንይዝ ወረቀቱ በካዝናችን ይቀራል፤ ሠልጣኟ ግን በልቧ ቀድማ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ጉባኤ ሦስት ነገር ላቀርብ አስቤአለሁ። አንደኛ፣ ለሚሠሩት ልብስና ጋቢ የምንከፍለው ዋጋ ደሴ ካለው ጋር ይመዛዘን፤ ገበያውን ጠይቄ ሒሳቡን አዘጋጃለሁ። ሁለተኛ፣ ሠልጣኞቹ በኮሚቴው ውስጥ ወንበር ይኑራቸው፤ ሥራውን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ሦስተኛ፣ እያንዳንዷ ሠልጣኝ ከመሄዷ በፊት አንዲት እህት አስተምራ ትሂድ። ይህ ሦስተኛው ጋፋት ላይ ተጀምሮ ያላለቀው ሥራ ነው።

ለሥልጠናው ገንዘብ የምትለግሱን ደጋፊዎቻችንም ቁጥሩን ስታዩ የሄዱትን ሁሉ እንደ ኪሳራ አትቁጠሩብን። የሄደችው ስትሸኝ በክብር ከተሸኘች ትመለሳለች፤ ባትመለስም የተካቻት ትቀራለች። በጉባኤው ዝም ያልኩት እኔ በሚቀጥለው ጊዜ መዝገቤን ይዤ እናገራለሁ። እናንተም ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ።