የእጅን ንጽሕና ያስተማረ ሐኪም

ዶክተር ኢግናዝ ዜሜልቫይስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1818 በሀንጋሪ አገር ተወለደ። በቪዬና ሆስፒታል ሲሠራ ብዙ አራሶች በትኩሳት ይሞቱ ነበር። በ1847 ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌቸካ አስከሬን ሲመረመር ጣቱን በቢላዋ ተወግቶ፣ በዚያው ዓይነት ሕመም ሞተ። ዜሜልቫይስም ከኀዘኑ መካከል ምክንያቱን አስተዋለ፤ በሽታውን ከአስከሬን ወደ አራሶች የሚያደርሰው የሐኪሞች እጅ ነበር። ስለዚህ ሁሉም በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ከመቶ 18 ያህል የነበረው ሞት በሁለት ወር ወደ 2 ወረደ። ብዙዎች ግን አልተቀበሉትም፤ እርሱም በ1865 ቁስል አመርቅዞበት በ47 ዓመቱ ሞተ።

እኛም የጎጃም ልጆች ጤፍ ስናጭድ ማጭድ ጣታችንን ቢቆርጠን፣ ትንሽ ናት ብለን አንናቅ፤ ቶሎ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እንጠበው፣ በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍነው። ቢያብጥ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።