ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና የቴአትር ልብስ

ባለፈው ክረምት እኛ የይጁቤ ልጆች ለወላጆቻችን ቴአትር ለማሳየት ተነሥተን ነበር። ኢትዮጵያን ሆና ለምትጫወተው እኅታችን ከካርቶንና ከሽቦ ታላቅ ክንፍ ሠራንላት፤ ሦስት ሌሊትም ደከምንበት። ነገር ግን ክንፉን ለብሳ አንድ ቀን እንኳ ስላልተለማመደች፣ በሰዓቱ ክንፉ በበሩ አላስገባ አላትና የሐዘኑ ትርኢት ሳቅ ሆኖ ቀረ። የአገራችንን ሰው የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ሕይወት እንደ አዲስ የተመለከትነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዮፍታሔ የተወለዱት በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ነው። ያደጉት በቤተ ክህነት ትምህርት ሲሆን በተለይ በቅኔ የታወቁ ነበሩ። እንዲህ ያለ ተማሪ ከቴአትር በፊት ማኅሌትን ያውቃል። መዘምራኑ ነጠላ ለብሰው፣ ሻሽ ጠምጥመው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ ሲያሸበሽቡም ልብሱና መቋሚያው ከእርምጃቸው አይለይም።

በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው መምህር ሆኑ፤ መዝሙርና ቴአትርም እየደረሱ ተማሪዎቻቸውን ያሠለጥኑ ጀመር። በ1923 ዓ.ም. የተሰማው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ግጥም የሳቸው ነው፤ ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። በዚያ ዘመን ሴቶች መድረክ ላይ ስለማይወጡ የሴቱን ቦታ የሚጫወተው ወንድ ነበረ። ስለዚህ ቀሚስ የለበሰ ሁሉ የቀሚሱን አረማመድ መማር ግድ ሆነበት።

ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ እሳቸውም ተመለሱ። የወረራውን መከራ በምሳሌ የሚያሳየውን አፋጀሽኝን ለመድረክ አበቁ። በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ።

በምሳሌ የሚነገር ቴአትር ደግሞ ያለ ልብስ አይገባም። አገርን የሚያህል ነገር በአንድ ሰው አካል ላይ መታየት አለበትና። በመስከረም 1915 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኦስካር ሽሌመር በሽቱትጋርት ከተማ ተወዛዋዦቹን እንደ ሐውልት የተቀረጸ ልብስ አልብሶ አሳይቶ ነበር፤ ልብሱ እየከበዳቸው እንቅስቃሴያቸውን ለወጠው። ከኛ ክንፍ የሚለየው፣ እሱ ውዝዋዜውን ከልብሱ ጋር አብሮ መፍጠሩ ነው።

እኛም ዘንድ ሸማ አለ። ጥለቱ ወደ ላይ ሲሆን ሐዘን ነው፤ ወገብ ላይ ሲታሠርና ሲያደገድጉት አክብሮት ነው። ይህን የይጁቤ እናቶች ሳይነገራቸው ያውቁታል። እኛ ግን ይህን ትተን ለሐዘንተኛይቱ ኢትዮጵያ የካርቶን ክንፍ ገጠምንላት።

ስለዚህ ለመጪው ክረምት ልምምዱን በልብሱ እንጀምራለን። ክንፉን ልንጥለው አላሰብንም፤ በሸማ ሠርተን፣ ስትቆም የሚዘረጋ፣ ስትገባ የሚታጠፍ እናደርገዋለን። መስፋት የምትችሉ ወንድሞችና እኅቶች ብትረዱን ደስ ይለናል። የበሩንም ስፋት ለክተን መጥተናል።