ቅዱስ እንጦንስ በመቃብር ቤት

የመነኮሳት አባት የሚባለው ቅዱስ እንጦንስ በግብፅ አገር ቆማ በምትባል መንደር በ251 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ወላጆቹ ክርስቲያኖችና ባለጸጎች ነበሩ። እርሱ 18 ወይም 20 ዓመት ሲሆነው ሁለቱም ሞቱበትና ከአንዲት ታናሽ እኅቱ ጋር ቀረ፤ ቤቱንም እኅቱንም የመጠበቅ ሸክም በእርሱ ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፥ ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንደ ተከተሉት በልቡ ያሰላስል ነበር። ሲገባም የተነበበው ወንጌል፥ ጌታ ባለጸጋውን ጐልማሳ ሀብቱን ሸጦ ለድኆች እንዲሰጥና እንዲከተለው ያዘዘበት ነበር። ይህን ቃል ቀድሞም ሳይሰማው አልቀረም፤ በዚያ ቀን ግን ስለ እርሱ ብቻ እንደ ተነበበ አድርጎ ተቀበለው። 300 አሩራ የሚሆነውን ለም ርስቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ (አሩራ የግብፃውያን የመሬት ልክ ነው)፤ የቀረውንም ገንዘብ ሸጦ ለድኆች አከፋፈለ። ስለ እኅቱ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፥ መጠየቁም ደግ ነው። በመንገድ ላይ አልጣላትም፤ ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጣት፤ እርስዋም አርጅታ የደናግል መሪ ሆና ሳለች አይቶአት ደስ ብሎታል።

በዚያ ዘመን የበረሃ ገዳም ገና አልተስፋፋም ነበርና፥ በጸሎት መኖር የሚወድ ሁሉ ከመንደሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር። እንጦንስም እንዲሁ አደረገ። በእጁ ሥራ እየኖረ፥ ደጋግ ሰዎችን እየዞረ ከአንዱ ትሕትናን፥ ከአንዱ ትዕግሥትን፥ ከሌላው በጸሎት መትጋትን ይማር ነበር። ኋላም ከመንደሩ ርቆ በአሮጌ መቃብር ቤት ገባና በሩን ዘጋ።

ተማሪዎች ገድሉን ሲተርኩ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የዚህን ቤት ነገር ነው፤ አጋንንቱ እንዴት እንደ ደበደቡት፥ በአንበሳና በእባብ መልክ እንዴት እንደ መጡበት ይናገራሉ። እኔ ግን ከአራዊቱ ይልቅ ከእነርሱ በኋላ የሆነው ያስደንቀኛል። ወዳጁ እንደ ሞተ ሰው ወድቆ አገኘውና ተሸክሞ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን አመጣው። እኩለ ሌሊት በሆነ ጊዜ እንጦንስ ነቃ፤ ሌሎቹ ሁሉ ተኝተው ነበር። ነቅቶ የነበረውን ያንኑ ወዳጁን ጠቅሶ ወደ መቃብሩ እንዲመልሰው ለመነው። መቆም አልቻለምና ተኝቶ ጸለየ። መከራውም እንደ ገና በረታበት።

በመጨረሻ ጣራው የተከፈተ መስሎ ብርሃን ወረደ፤ አጋንንቱ ጠፉ፥ የሥጋውም ሕመም ተወው። በዚህን ጊዜ ጌታን ያመሰግናል ብለን እንጠብቅ ነበር፤ እርሱ ግን ጠየቀው። እስከ አሁን ወዴት እንደ ነበረ፥ ሕመሙንም ሊያስታግሥ ስለ ምን ከመጀመሪያ እንዳልተገለጠ ጠየቀ። ክርስቶስም ከዚያው እንደ ነበረ፥ ተጋድሎውንም ይመለከት እንደ ነበረ አስታወቀው። በንስሐ አባትነት ያገለገለ ካህን ሁሉ ይህን የእንጦንስን ጥያቄ ያውቀዋል። ጸሎት ደረቀብኝ፥ ክርስቶስ ተለየኝ እያለ የሚያለቅስ ምእመን ጥቂት አይደለም፤ ብዙዎችም አፍረው ይደብቁታል። እንጦንስ ግን አልደበቀውም፤ ስለ መጠየቁም አልተገሠጸም። ያን ጊዜ ዕድሜው 35 ዓመት ያህል ነበረ።

ከዚያ በኋላ በፒስፒር በፈረሰ ምሽግ 20 ዓመት ዘግቶ ኖረ። በ311 ዓ.ም. በመክሲሚኖስ ስደት ጊዜ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በወህኒ የታሰሩትን ምእመናን አገለገለ፤ ሰማዕትነትን ቢመኝም አልተፈቀደለትም። ኋላም በቀይ ባሕር አጠገብ ባለው ተራራ ተቀመጠ። በዚያ በበረሃ ሳለ፥ በከተማ የሚኖር አንድ ባለመድኃኒት በጽድቅ ከእርሱ ጋር የሚተካከል መሆኑ ተገለጠለት፤ ያ ሰው ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድኆች ይሰጥ፥ በየቀኑም ከመላእክት ጋር ሥሉስ ቅዳሴን ያቀርብ ነበር። ይህን የአባቶች ዜና የሚያቆዩልን ራሳቸው መነኮሳት ናቸውና፥ የተጋቡና በሥራ የሚደክሙ ምእመናን ደጋግመው ቢሰሙት እወዳለሁ። ደግሞም እንጦንስ በፊት እግዚአብሔርን ይፈራ እንደ ነበረ፥ ኋላ ግን መፍራቱ ቀርቶ እንደሚወደው ተናግሯል።

በ356 ዓ.ም. በ105 ዓመቱ ዐረፈ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ጥር 22 ቀን ታስበዋለች። መቃብሩ እንዳይታወቅ ስላዘዘ ሁለቱ ደቀ መዛሙርቱ ብቻ ቀበሩት። ከሁለቱ ለምዶቹ አንዱን ለኤጲስ ቆጶስ ሰራፕዮን፥ ሁለተኛውን ከመጐናጸፊያው ጋር ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለአትናቴዎስ ተወ፤ ይኸውም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለአገራችን የሾመው፥ የእንጦንስንም ገድል የጻፈው ነው። መጐናጸፊያውን አዲስ ሳለ የሰጠው ራሱ አትናቴዎስ ነበር፤ በእንጦንስ ትከሻ ላይ አርጅቶ ተመለሰለት። እርሱም እንደ ታላቅ ሀብት ጠበቀው፤ ያን ልብስ ማየት እንጦንስን እንደ ማየት ነበርና።