ጉለሌ ያረፉት አብራሪ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ ጉለሌ በሚገኘው መካነ መቃብር ካረፉት የውጭ ሀገር ሰዎች መካከል ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ይገኙበታል። ለኢትዮጵያ የክፉ ቀን ወዳጅ እንደነበሩ በየጊዜው ይነገርላቸዋል። የአብራሪነት በር የተከፈተላቸው ግን በገዛ እጃቸው በገጣጠሙት አንድ ትንሽ አውሮፕላን መኾኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ሮቢንሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ተወለዱ። አባታቸውን በሕጻንነታቸው በሞት ስላጡ ያደጉት እናታቸው በወሰዷቸው በሚሲሲፒዋ ጉልፍፖርት ነው። በተስኪጊ የመኪና ጥገና ተምረው በቺካጎ መካኒክ ኾኑ። በከተማዋ የነበረው የኩርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበርና በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥረው ገቡ፤ መጥረጊያ ይዘው ትምህርቱን ከክፍሉ ጥግ ኾነው አዳመጡ።

ማዳመጥ ብቻውን አብራሪ አያደርግም። ከባልደረባቸው ከኮርኒሊየስ ኮፊ እና ከሌሎች ጥቁር ወጣቶች ጋር ኾነው ሂዝ ፓራሶል የተባለ ተገጣጣሚ አውሮፕላን ሠሩ። ዛሬ ልጆች በሳጥን ገዝተው እንደሚገጣጥሙት ሞዴል አውሮፕላን ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛው አንድ ሰው ይዞ የሚነሳ መኾኑ ነው። የክንፉ አጽም ከቀላል እንጨት ይዋቀራል፤ አካሉ ከብረት ቱቦ ይሠራል። በላዩ ጨርቅ ይለበጥና ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ከበሮ ቆዳ የሚወጥር ፈሳሽ ደጋግሞ ይቀባል። ጨርቁ ከላላ ክንፉ ቅርጹን አይጠብቅም፤ ክንፉ ቅርጹን ካልጠበቀ ደግሞ አውሮፕላኑን በወጉ አያነሳም። ሞተሩም ከሞተር ብስክሌት የመጣ ነበር። በመጫወቻ ላይ የሚሠራ ስህተት ሙጫና እንጨት ያስከፍላል፤ በዚህኛው ግን የሚከፈለው ነፍስ ነው።

ሥራው ሲያበቃ ከትምህርት ቤቱ አንድ መምህር መጥተው መረመሩት፤ ወደ ሰማይም አስነሱት። የተዘጋው በር ለሮቢንሰን የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ተመርቀው ለሌሎች ጥቁሮች አስተማሪ ለመኾን በቁ።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በአሜሪካ ሕክምና ያጠኑት መላኩ በያን አገናኝ ኾነው ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ብዙም ሳይቆዩ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኀይል አዛዥ ተደርገው ተሾሙ። ሹመቱ ትልቅ፣ ሀብቱ ግን ትንሽ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ሁለት ደርዘን ያህል ሲኾኑ ለበረራ ብቁ የነበሩት ጥቂቶቹ ናቸው። የጠላትን ተዋጊ አውሮፕላን የሚመክት መሣሪያም አልነበራቸውም። ስለዚህ የሮቢንሰን ጦርነት ከተኳሽ ይልቅ የመካኒክና የመልእክተኛ ጦርነት ነበር ማለት ይቻላል። ያረጀውን እየጠገኑ መልእክትና መድኃኒት ወደ ግንባር አመላለሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱንም ይዘው በረሩ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበሩ። በጦርነቱም ቆስለዋል።

አዲስ አበባ ልትያዝ ስትቃረብ ወደ አሜሪካ ተመለሱ፤ በቺካጎም የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ሙያተኞች አስከትለው ዳግም መጡና ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። ከስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር የገቡበት ጠብ ግን ከሥልጣናቸው አራቃቸው። ቢኾንም ሀገሪቱን ለቅቀው አልሄዱም፤ መብረርንም አልተዉም።

በ1946 ዓ.ም መጋቢት ወር ያበርሩት የነበረው ትንሽ አውሮፕላን ተከሰከሰ። በቃጠሎው ክፉኛ የተጎዱት ሮቢንሰን መጋቢት 18 ቀን ሕይወታቸው አለፈ፤ ጉለሌም ተቀበሩ።