አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተሻገረው መዝገበ ቃላት

ከባቱ ከተማ ማዶ፣ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች፣ ለዘመናት የተጠበቁ የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። ብራና በእጅ ሲገለበጥ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ስሕተቷ ወደሚቀጥለው ቅጂ ትሻገራለች። ማን እንደለወጣት የሚናገር መዝገብ የለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ችግር ነው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ሸዋ ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዙ፤ በዚያም ረጅም ዘመን ኖሩ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም ከኢጣሊያዊው ሊቅ ከኢግናዚዮ ጉዊዲ ጋር የሠሩ ሰው ነበሩ። የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሳይፈጽሙ ስላረፉ ሥራው ለደቀ መዝሙራቸው ተላለፈ። አለቃም እያረሙና እያሰፉ ቀጠሉት። ለፊደል ጥብቅ ነበሩ፤ በግእዝ ሠረቀ ወጣ ማለት ሲሆን ሰረቀ ግን የሌባ ግብር ነውና።

በራስ ተፈሪ ጥሪ ወደ አገራቸው ተመልሰው የሕዝቅኤልን ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. አሳተሙ። የጠላት ወረራም ደርሶ አለፈ። መዝገበ ቃላቱ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. አረፉ።

ዛሬ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ይህን ስጋት በሥርዓት ያቃልሉታል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. የሠራው ጊት የተባለው መሣሪያ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ ይመዘግባል። ስሕተት ሲገኝ ወደ ቀድሞው ጽሑፍ ለመመለስ ያስችላል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራውን ሙሉ ታሪክ በራሱ ማሽን ስለሚይዝ አንዱ ማሽን ቢጠፋ ሥራው አይጠፋም። የአለቃ ወረቀት ግን እሳትና ብል የሚያሰጋው ነበር፤ ዋስትናውም የደቀ መዝሙር ታማኝነት ብቻ።

ያ ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ነበሩ። አደራውን ተቀብለው አሰናድተው ከመምህራቸው ዕረፍት 12 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በሚል ርእስ አዲስ አበባ አሳተሙት። መጽሐፉን በደራሲነት የያዘው የኪዳነ ወልድ ስም ነው፤ ደስታ ለራሳቸው ሊያደርጉት ይችሉ ነበር፣ አላደረጉትም። የቃላቱ ተራ በአበገደ እንጂ በሀለሐመ ስላልሆነ አዲስ አንባቢን መጀመሪያ ግር ያሰኛል። የግእዝ ተማሪዎች ግን እስከ ዛሬ ይገልጡታል።